ከአየር ሽጉጥ የቱ ይመረጣል? ስሙ ወይስ ሆድ ዕቃው?

ቡልቡላ ላይ ሽንኩርት ለመጫን የወረደ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። እጁን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ ይሰድና ከሥር ያለውን መዝዞ ያወጣል። አንገቱ ደርቋል ወይ? ሲጫኑት ይለሰልሳል ወይ? ሽታው እንዴት ነው? አናት ላይ የተደረደረው ቀይና ወፍራም ሽንኩርት የደላላው ነው፤ ከሥር ያለው ግን የገዢው ነው። ይህን ከዝዋይ (ባቱ) እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ዳር ሚዛን ሲያነሳ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳሩ ግን ይኸው ነጋዴ ትርፉን ይዞ ወደ ከተማ ሲመለስ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል። የቆየ ዕቃ ሲቀርብለት እጁን ወደ ጆንያው መስደዱን ይረሳል። «ጀርመን ነው፣ ጥንታዊ ነው፣ ፊልም ላይ የታየ ነው» ሲሉት ኪሱ ይፈታል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ጥሬ ብር ይዞ መቀመጥ ያስፈራው ሁሉ «ዋጋው የማይወርድ ዕቃ» ፍለጋ ላይ ነው። የድሮ ሰዓት፣ የድሮ ካሜራ፣ የድሮ ግራሞፎን ይጠየቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የአሰባሳቢዎች ገበያ ከእነዚህ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ ሌላም ዕቃ አለ፤ የአየር ሽጉጥ።

የአየር ሽጉጥ ባሩድ የለውም። ጥይቱን የሚገፋው በሞላ ኃይል ወይም በፓምፕ የታመቀ አየር ነው። ለውድድር የሚሆነው ጥይት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ ናት። ጨዋታው የልጅ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ለወንዶችም ለሴቶችም ተጀምሯል። ተወዳዳሪው በአንድ እጁ ይዞ ከ10 ሜትር ርቀት የሚያነጣጥርባት የአስር ነጥብ ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ማለት ነው።

ለመሆኑ ከቆዩት የአየር ሽጉጦች መካከል አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል የቱ ይመረጣል? በአሰባሳቢዎች ዘንድ አራት ስሞች ደጋግመው ይነሳሉ። አራቱም እንደ ሽንኩርቱ ጆንያ እየተፈተሹ ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው በስም የሚታወቀው ነው። የጀርመኑ ዋልተር ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ኤል ፒ 53 ይባላል። በርሜሉ ተሰብሮ ይቀባበላል፤ ሞላው ያለው እጀታው ውስጥ ነው። መልኩ ያማረ፣ በርሜሉ ረዘም ያለ ሽጉጥ ነው። ዝናውን ያገኘው ግን በተኩሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ለወጣው «ፍሮም ረሺያ ዊዝ ላቭ» ለተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ማስታወቂያ ተዋናዩ ሾን ኮነሪ ፎቶግራፍ ሲነሳ የቦንድ እውነተኛ ሽጉጥ ስቱዲዮው ውስጥ አልነበረም። ፎቶ አንሺው ዴቪድ ኸርን የራሱን የአየር ሽጉጥ ሰጠው። በዚያ ዘመን በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የተለጠፈውን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ገዳይ መሣሪያ ያየ መስሎት ነበር፤ ያየው ግን የኢላማ መለማመጃ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ያቺው ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ በ277 ሺህ 250 ፓውንድ ተሸጠች። ይህን ዜና የሰማ ደላላ «ኤል ፒ 53 ወርቅ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ገዢው ግን ሊፈርድ ይገባዋል። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለፋብሪካው ሥራ አይደለም፤ ኮነሪ በእጁ ለያዛት ለዚያች ለአንዲቷ ብቻ ነው። ከዚያው ፋብሪካ የወጡ እህቶቿ ወደዚያ ዋጋ አይጠጉም። የአንድ በሬ ዋጋ ጨምሯል ተብሎ የመንጋው ሁሉ ዋጋ አይተመንም።

ሁለተኛው የእንግሊዙ ዌብሊ ነው። የበርሚንግሃሙ ዌብሊ ኤንድ ስኮት የመጀመሪያውን የአየር ሽጉጡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በርሜሉ ከአየር ሲሊንደሩ በላይ ተኝቶ፣ ለማቀባበል ወደ ላይ ተነስቶ ወደ ፊት ይታጠፋል። በዚህ ዘዴ ረጅም ሞላ በአጭር ሽጉጥ ውስጥ ማስገባት ተችሏል። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ አያያዙም ደስ ይላል። ይሁንና ፒስተኑ ሲለቀቅ ሽጉጡ በእጅ ውስጥ ይራገጣል። ጥይቷ ከበርሜሉ ሳትወጣ እጅ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ኢላማ አይገኝም። ፋብሪካው በበርሚንግሃም የነበረውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2005 አቁሟል። ስለዚህ የእንግሊዝ ሥራ የሆነው ዌብሊ እንደ ቅርስ ይወደዳል፤ ለተኳሽ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሦስተኛው የሩሲያው ባይካል ኢዥ 46 ነው። የተሠራው ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ ያልሆነው ክላሽንኮቭ በሚመረትባት በኢዥቭስክ ከተማ ነው። ይህ ሽጉጥ ፒስተን የሚያስወነጭፍ ሞላ የለውም። በአንድ የክንድ ምት አየር ይታመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ አየሩ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ አይራገጥም። መልኩ እንደ አናጢ መሣሪያ ቢሆንም ሥራው የታመነ ነው፤ ዋጋውም ከምዕራቦቹ የውድድር ሽጉጦች ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነበር። ችግሩ የመጣው ከሽጉጡ አይደለም፤ ከፖለቲካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ በክላሽንኮቭ ኩባንያ ላይ ማዕቀብ ስትጥል በሩ ተዘጋ። ዕቃ ሲመረጥ መለዋወጫው የሚመጣበት መንገድም አብሮ ሊመረጥ እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። ይህን ደግሞ አሮጌ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር የመቂና የዝዋይ ባለሀብት ሁሉ በራሱ ላይ ደርሶ ያየው ነው።

አራተኛው ፋይንቨርክባው 65 ነው። ስሙ ለምላስ ይከብዳል፤ ትውልዱ ግን ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ፋብሪካው የሚገኘው በደቡብ ጀርመን ኦበርንዶርፍ በምትባል ከተማ ነው። ኦበርንዶርፍ የሞዜር ጠመንጃ አገር ናት። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጀርመን በምስጢር ለኢትዮጵያ የሞዜር ጠመንጃዎች መላኳ በታሪክ ተመዝግቧል። ጀርመን ተሸንፋ የሞዜር ፋብሪካ በፈረንሳዮች ከተነቀለ በኋላ የቀድሞ የሞዜር መሐንዲሶች የነበሩት ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንቡርገር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አዲስ ድርጅት አቋቋሙ። ጦር መሣሪያ መሥራት ለተከለከለ ባለሙያ ልዩ ልዩ የረቀቁ ማሽኖች፣ በኋላም የአየር መሣሪያ የእንጀራ መንገድ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሽጉጣቸው የመራገጥን ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲወረወር በርሜሉና ሲሊንደሩ አንድ ላይ ሆነው በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፤ እጀታው ግን አይነቃነቅም። ተኳሹ የሚሰማው ትንሽ ቃጭል ብቻ ነው። የምላጩ ክብደት በአንዲት ቁልፍ ከ500 ግራም ወደ 1,360 ግራም ይለወጣል። የመጀመሪያው ለአየር ሽጉጥ ውድድር የተፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት ነው፤ ሁለተኛው ባለ ባሩድ ሽጉጥ ለሚለማመድ ሰው ነው። መንሸራተቻውም ሊቆለፍ ይችላል። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ይህ ሽጉጥ ለረጅም ዓመታት በዓለም የውድድር ሜዳዎች ሲገዛ የኖረው በማስታወቂያ ሥዕል አይደለም፤ ወረቀት ላይ በሚተወው ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ ፍርድ ይሰጥ ከተባለ የሚመረጠው ፋይንቨርክባው 65 ነው። ኤል ፒ 53 ታሪኩን ይሸጣል፣ ዌብሊ ትዝታውን ይሸጣል፣ ባይካል ርካሽነቱን ይሸጥ ነበር፤ ይህኛው የሚሸጠው ሥራውን ነው። ፋብሪካውም ዛሬ በዚያው ከተማ በሥራ ላይ ይገኛል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ስም ሞላ አይሆንም፣ ጎሚኒም አይሆንም።

ምርጫው ከተደረገ በኋላም እጅ ወደ ጆንያው መግባት አለበት። የቆየ የአየር ሽጉጥ በሽታው ከውጭ አይታይም። ብረቱ ሲያብረቀርቅ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አርጅቶ እንደ ደረቅ አይብ ሊፈረፈር ይችላል። ሳይተኮስበት ተቀባብሎ የከረመ ሞላ ይደክማል። ያለ ጥይት ባዶውን ሲተኮስ የኖረ ፒስተን ግድግዳውን ሲደበድብ ኖሯል። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ለምን ተቀባ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አሰባሳቢ የሚከፍለው ለፋብሪካው ቀለም ነውና። ቁጥሩ፣ እጀታው፣ ማነጣጠሪያው የራሱ ነው ወይስ ከሌላ የተለቀመ? በመጨረሻም ወረቀት ተሰቅሎ አምስት ጥይት ይተኮስ። አምስቱ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ሻጩ እውነት ተናግሯል። ከተበተኑ ግን የሾን ኮነሪ ፎቶግራፍ አያድነውም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሚኖር ወገን ነው። ወደ አገር ቤት ይዞ መግባት የሚያስበው ግን ቆም ማለት አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማስገባትን፣ መነገድንና መጠገንን ይከለክላል። «ይህ ባሩድ የለውም፣ መጫወቻ ነው» የሚል የደላላ ቃል በጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ማስረጃ አይሆንም። ባሩድ የለውም ማለትም መሣሪያ አይደለም ማለት አይደለም። የኦስትሪያ ጦር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጂራንዶኒ የተባለውን የአየር ጠመንጃ አስታጥቆ ወታደሮቹን አሰልፏል። ከሩቅ ለሚያይ ፖሊስ ደግሞ የአየር ሽጉጥና እውነተኛ ሽጉጥ አንድ ናቸው፤ የዓለም ሲኒማ ተመልካች እንኳ ሥዕሉን እያየ አልለየውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከፌዴራል ፖሊስ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ በእጅ መግባት አለበት። ያለ ወረቀት የሚገባ ዕቃ ዋጋው የማይወርድ ሀብት ሊሆን አይችልም፤ በአደባባይ የማይሸጥ ዕቃ ዋጋ የለውምና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

በዚህ አገር የቆየ መሣሪያ ይዞ በስም ተማምኖ የከሰረ ነጋዴ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ሺህ የሚያህሉ አሮጌ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ከታጁራ ሸዋ ገባ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ። ምኒልክ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐረርን ይዘው ተመልሰው ነበር፤ የገበያው ሁኔታ ተለውጧል። እንጦጦ ላይ ዋጋው ተሰበረ። የሞተው ሸሪኩ ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ። በረሃ ለበረሃ የተጓዘው ሰው የጠበቀውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ። ገዢው ከሥር ያለውን ያውቅ ነበር፤ ሻጩ ግን የያዘው ዕቃ ሳይሆን ተስፋው ነበር የሚታየው።

ይህ ማለት ሰው የሚወደውን የቆየ ዕቃ አይግዛ ማለት አይደለም። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ፣ በትርፍ ገንዘቡ፣ ለመተኮስና ለመደሰት የሚገዛ ሰው ጥሩ ያደርጋል። የወደዱት ዕቃ ዋጋው ቢወርድም ደስታው አይወርድም። አደጋው ያለው ፍቅርን ከኢንቨስትመንት ጋር ማደባለቁ ላይ ነው። የሱቁን መዞሪያ ገንዘብ ወይም የዕቁቡን ዕጣ በፊልም ሥዕል ላይ የሚያውል ሰው አሰባሳቢም ነጋዴም አይደለም።

ቡልቡላ በ2013 ዓ.ም. የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ፋብሪካም ቢሆን የሚገዛው የቲማቲሙን ቅላት ብቻ አይቶ አይደለም፤ ቆርጦ፣ ጨምቆ፣ ለክቶ ነው። ትናንት በክርን የተደረገው ፍተሻ ዛሬ በመሣሪያ ይደረጋል እንጂ ሕጉ ያው ነው። የሽንኩርት ነጋዴው በሠላሳ ዓመት የተማረውን ይህን ሕግ ቡልቡላ ጥሎት አይሂድ። የትኛውም ገበያ ሲገባ፣ ኦበርንዶርፍም ይሁን ለንደን፣ እጁን እስከ ክርኑ ይስደድ።