በርጫ ምሳ አይሆንም!

ቡታጅራ ላይ «ምሳ በላህ?» ስትሉት «ቅሜያለሁ» ብሎ የሚመልስላችሁ ልጅ አታጡም። ወልቂጤም ያው ነው። አዲስ አበባ ስትደርሱ ደግሞ ነገሩ ዘመናዊ ስም ወጥቶለታል፤ «ዳይት»።

ልብ በሉልኝ፤ ጠቤ ለዱዓ ከሚቅሙት አባቶች ጋር አይደለም። ጫት ሸጦ ልጆቹን ከሚያስተምረው ገበሬ ጋርም አይደለም። ጠቤ «ጫት ረሃብን ያጠፋል» ከምትለዋ ውሸት ጋር ነው።

እስቲ ሳይንሱን እንየው። ረሃብ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ የሰውነት ሒሳብ ሹም በሉት። ባዶ ጨጓራ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን እየላከ «እህል!» ይለዋል። የሰውነት ስብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በተገኘው ሌፕቲን አማካይነት «ስንቃችን ይህን ያህል ነው» ይለዋል። ስንቅ ሲጎድል ሹሙ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ጉልበትም ይቆጥባል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ የሚሠራውም አንጎል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት የቃሙ ሰዎች የረሃብ ስሜታቸው እንደቀነሰ አሳየ። የግሬሊን መጠናቸው ግን አልተለወጠም። ገባችሁ? ሆድ መጮኹን አላቆመም፤ ሰሚው ነው የደነቆረው!

ከዚያስ? ምርቃናው ይሄዳል፣ ረሃቡ ይመጣል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ደግሞ በማግስቱ ይብስበታል። በመሃል የጠጣነው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ፣ ማታ ለጨብሲ የተጋትነው ቢራስ እሱም ዳይት ነው?

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ቡታጅራና አካባቢው ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ግማሾቹ እንደሚቅሙ አግኝቷል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ወፈር ያለችውን ልጅ «ሆዳም» ብለን አሸማቅቀን ስናበቃ መፍትሔ ብለን በርጫ ማቅረባችን ነው። ክብደት በወኔ ብቻ የሚገፋ ነገር ቢሆን ኖሮ የከሳ ሰው ሁሉ ተመልሶ ባልወፈረ! ሰውነት የጎደለበትን ይቆጥራል፤ አንጎልም ያስመልሳል።

የባሰው ደግሞ የምሳ ብር የሌለው ልጅ ነው። እሱን ጫት የሚጋብዘው አያጣም። ግን በቆጮና በክትፎ አገር «እንቃም» የሚል ሞልቶ «እንብላ» የሚል ይጥፋ? በሉ፣ ነገ በርጫው ከመፈታቱ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ እህል መቅመሱን ጠይቁት። ካልቀመሰ መጀመሪያ አብልታችሁት ሌላውን ጨዋታ በኋላ አምጡ።