ክረምት ሲገባ የሚዘጋ መጫወቻ አንፈልግም

ስለ መናፈሻ ወሬ ሲነሳ እኛ ስልክ የማይለየን ሰዎች መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶ ላይ እንዴት ይወጣል? ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012፣ ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ እንጦጦ ደግሞ በመስከረም 2013 ሲከፈቱ፣ ነቀምት ላለ ሰው መግቢያ በሩ ስልኩ ነበር። ፏፏቴውንም፣ አንበሳውንም፣ የማታ መብራቱንም ያየነው ሌላ ሰው ባነሳው ፎቶ ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅ ነቀምትም ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ የሚነሳው ጥያቄ ተቀየረ። «እነሱ ጋ ምን ተሠራ?» ቀርቶ «እኛ ጋስ ምን ይሠራ?» ሆነ። ለቤተሰብና ለልጆች የሚሆን መዝናኛ ቢሠራ ምን ይኑረው? የት ይሁን? ማን ይግባ? በዚህ ላይ የማይከራከር ሰው አላገኘሁም።

አንድ ጓደኛዬ ሐሳቡን አንዴ ቆርጧል። ትልቅ ተሽከርካሪ ጎማ ነው የሚፈልገው፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ማታ መብራቱ ቀለም የሚቀያይር። «ሰው ከጊምቢና ከሻምቡ ተነስቶ የሚመጣበት ነገር ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ሞኝ ሐሳብ አይደለም። ሰው ሲመጣ ያድራል፣ ይበላል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ቡና ይጠጣል። ግን እንዲህ ዓይነት ማሽን መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይም ጀኔሬተር ይነሳል። ከተበላሸ ደግሞ «ለጊዜው አይሠራም» የሚለው ወረቀት ተለጥፎ፣ ወረቀቱ ራሱ በፀሐይ እስኪነጣ ድረስ እዚያው ይቆያል። ይህን ያላየ አለ?

ከሁሉ በላይ ግን ጎማው ላይ የሚወጣው ማን ነው? ወጣቱ። ሕፃኑ አይፈቀድለትም፣ እናቱ ትፈራለች፣ አያቱማ ጭራሽ። «የቤተሰብ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፎ ቤተሰቡን ሦስት ቦታ መበተን ማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋልት ዲዝኒ ሲናገር እንደነበረው፣ የዲዝኒላንድ ሐሳብ የመጣለት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግሪፊዝ ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሴት ልጆቹ ተሽከርካሪ ፈረስ ላይ ሲጫወቱ እያየ ነው። ልጆቹ ይጫወታሉ፣ እሱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚዝናኑበት ቦታ ለምን አይኖርም ብሎ ጠየቀ፤ በሐምሌ 1955 እ.ኤ.አ. ዲዝኒላንድ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ለእኛ አቅም አይሆንም፤ አያስፈልገንምም። የአግዳሚው ወንበር ጥያቄ ግን ነቀምት ላይም ሳይነካ ይሠራል። ልጁ ሲጫወት እናቱ ምን ታደርጋለች? ቆማ ጃኬት ትይዛለች? ወይስ እሷም የምትቀመጥበት፣ የምታወራበት፣ ልጇን ሳትነሳ የምታይበት ቦታ አላት? አንዳንድ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ መንገድ፣ ጀርባቸውን ወደ ልጆቹ አዙረው ተተክለዋል። ያንን የነደፈው ሰው ልጅ ይዞ ወጥቶ እንደማያውቅ በምን አወቅሁ አትበሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ዝናብ።

ነቀምት በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። አዲስ አበባ ከ1,200 ብዙም አትርቅም። የወለጋ ክረምት ደግሞ ሐምሌን ጠብቆ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ከግንቦት ጀምሮ ገብቶ መስከረምን ይሻገራል። እስቲ ቀን መቁጠሪያችሁን ክፈቱ። ልጆች ትምህርት የሚዘጋላቸው መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ። ማለትም ልጁ ሙሉ ቀን ነጻ የሚሆነው ሰማዩ በተቀደደበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሸርተቴው እርጥብ ነው፣ ዥዋዥዌው ሥር ኩሬ ተኝቷል፣ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ትምህርት ሲከፈትና ዝናቡ ሲያባራ መጫወቻው ይደርቃል፤ ልጁ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ንድፍ እንዳለ ብንገለብጠው የሚገጥመን ይህ ነው፤ ለፀሐይ የተሠራ ቦታ ይዘን በዝናብ አገር እንቀመጣለን።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያው ብር ጣራ ላይ ይዋል። የሚያብለጨልጭ ነገር አላልኩም። ከፍ ያለ፣ ግድግዳ የሌለው፣ ውሃው በቦይ የሚወርድ ሰፊ ዳስ። በወለጋ ከተሞች የገበያ ሼድ መሥራት የሚችል ባለሙያ ሞልቷል፤ ይህ ከዚያ ብዙም የተለየ አይደለም። ከሥሩ ሰኞ ማክሰኞ የተሰመረበት ሲሚንቶ፣ ገመድ የሚዘለልበት ቦታ፣ ለትንንሾቹ አሸዋ፣ ለትልልቆቹ ገበጣ የተፈለፈለበት ጠረጴዛ። ብይ የሚጫወቱበት ደልደል ያለ አፈርም አይረሳ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ይበጥስ። የልጆቹም ጩኸት ከዚያ አያንስም።

«ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ይሠራ» የሚሉም አሉ። የሚጠቅሱት አንድነት ፓርክን ነው፤ እሱ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ከሆነ፣ እኛም የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት አለን ነው ነገሩ። ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የሌቃ ነቀምት ገዢ ነበሩ፤ ግቢው እስከ ዛሬ ከተማችን ውስጥ አለ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ እኔ ግን እፈራዋለሁ። የጥንት የእንጨት ቤት አጠገብ ሙዚቃ የሚለቅ ማሽን ማቆም፣ ግንድ ላይ መብራት መጠምጠም፣ ሰው ሲበዛ ጥግ ጥጉን ወደ ካፌ መቀየር... አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል? ልጆች ግቢውን ይጎብኙ፣ በክፍል ይምጡ፣ የወለጋ ሙዚየምንም ይዩ። ዥዋዥዌው ግን ከአጥሩ ውጭ ይሁን። ከጉብኝት በኋላ የሚጫወቱበት ቅርብ ቦታ ካለ ጉብኝቱም አይሰለቻቸውም።

ደግሞስ «ጭብጥ» ያለው መዝናኛ እንሥራ ካልን፣ ጭብጡን ከየት ልናመጣ ነው? እስካሁን በብዙ የሕፃናት መጫወቻ ግድግዳ ላይ የማየው ሚኪ ማውስ ነው፤ እሱም ቀለም ቀቢው እንደቻለው የተሳለ፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው የሚበልጥ። እንስቃለን እንጂ የሚገርም ነው። ምክንያቱም ይህ አገር የልጆች ተረት በመሰብሰብ ከብዙዎች የቀደመች ሴት ያስተማረችበት አገር ነው።

አስቴር ጋኖ ትባላለች። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ በባሕር ስትጓዝ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች መርከቧን ይዘው ነጻ ወጣች፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች። እዚያ በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከጭንቅላቷ እያወጣች ጻፈች። ከዚያ ውስጥ ብዙው በ1894 እ.ኤ.አ. ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባሳተሙት «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ ገባ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ በመተርጎም የምናውቀው ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ሲመጣ እሷም መጣች። እሱ ነቀምት ላይ በ1931 አረፈ፤ እሷ እስከ 1964 ኖረች። እንግዲህ አስቡት፤ ከቤቷ ተነጥቃ ወደ ማታውቀው አገር የተወሰደች ልጅ፣ ይዛው የቀረችው ንብረት ተረት ነበር።

የነቀምት የልጆች መጫወቻ ከዚህ የተሻለ ጭብጥ ከየት ያገኛል? ከውጭ የሚገዛ ገጸ ባሕርይ የለም፣ የምንከፍለው የለም። እንስሳቱ ከተረቱ ወጥተው በእንጨትና በሲሚንቶ ይሠሩ፤ ልጅ ይውጣባቸው፣ ይንጠልጠልባቸው። በየመንገዱ ዳር አንድ እንቆቅልሽ ይጻፍ፤ ጥያቄው እዚህ፣ መልሱ ሃያ እርምጃ ርቆ ከድንጋይ ጀርባ። በአፋን ኦሮሞ «ሂቦ»፣ በአማርኛ «እንቆቅልህ» ሲባል ወላጅ ዝም ብሎ ጃኬት ይዞ መቆም አይችልም፤ ወዶም ሆነ ሳይወድ ጨዋታው ውስጥ ይገባል። አያትማ ያሸንፋል። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ አማርኛም ከሥሩ ይኑር፤ ከተማው ውስጥ ሁለቱንም እየቀላቀለ የማይጫወት ልጅ ጥቂት ነው።

ስለ መግቢያ ዋጋ ብዙ አላወራም፤ በአጭሩ ነጻ ይሁን። በሰው 100 ብር ቢባል እንኳ (ለምሳሌ ነው የምለው) አምስት ሆነው የሚመጡ 500 ብር በር ላይ ይጥላሉ፤ ገና ውሃ ሳይገዙ። ያ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ለበዓል ይመጣል። የልጅ ጨዋታ የበዓል ልብስ አይደለም። ገቢ ከተፈለገ ከቡና ቤቱ፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከሠርግ ፎቶ ይሰብሰብ። ሠርገኛ መክፈል አይቸግረውም፤ ቬሎ የተከራየ ሰው ነው።

አሁን ከሁሉም የከበደውን ተቃውሞ ልንካ። «ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ወለጋ ስለ ዥዋዥዌ ታወራለህ?» ያለኝ ሰው አለ። መልስ ለመስጠት አልቸኮልኩም። እዚህ ያደገ ሰው ያለፉትን ዓመታት ማንም ሊያስረዳው አይችልም። በ2012 ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ማብቂያ ወደ ሦስት ወር ያህል ኢንተርኔት፣ በአንዳንዱ ዞን ስልክም ጭምር ሲቋረጥ፣ ይህን የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ከዓለም ተቆርጦ መቀመጥ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ትንንሾቹ ግን ከዚያ የከበደውን ነው የለመዱት፤ «ከግቢ አትውጣ» የሚለውን። ሲጨልም አይደለም፣ በቀን። ዛሬ ዘጠኝና አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ የሚጠሩት ልጅ ነው። ለእሱ ከሌሎች ልጆች ጋር ሜዳ ላይ መሮጥ ቅንጦት ነው ብዬ ማሰብ አልችልም።

አምስተርዳም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትወጣ ቤቶች ፈርሰው ባዶ የቀሩ ቦታዎች ነበሯት። በ1947 እ.ኤ.አ. አልዶ ቫን አይክ የተባለ አርክቴክት ለከተማው የመጀመሪያውን መጫወቻ ነደፈ፤ እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ ሆኑ። ግዙፍ ነገር አልነበራቸውም። አሸዋ፣ መንጠልጠያ ብረት፣ መዝለያ ድንጋይ፣ አግዳሚ ወንበር። በየሰፈሩ፣ በየጥጉ፣ ሰው በጠየቀበት ቦታ። ከተማው ሀብታም እስኪሆን አልጠበቀም።

ጓደኛዬ በትልቁ ጎማ የማያሸንፈኝም እዚህ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ነቀምት ላይ ብናቆም ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደምቢ ዶሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የደምቢ ዶሎ ልጅ ጎማውን የሚያየው እኛ እንጦጦን እንዳየነው ነው፤ በስልክ። በአንዱ ጎማ ዋጋ ነጆ፣ ሻምቡ፣ መንዲና አርጆ አንዳንድ ጣራና አንዳንድ የአሸዋ ቦታ ቢደርሳቸው እመርጣለሁ።

ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። በየከተማው አደባባይ በበዓልና በእሑድ የሕፃናት መኪናና የመዝለያ ሸራ የሚያከራዩ ወጣቶች አሉ። አዲስ መጫወቻ ሲከፈት መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ እንዳይሆኑ፤ በሩ አጠገብ ቦታ ይሰጣቸው። መጸዳጃ ቤት ከልጆቹ በእይታ ርቀት ይሁን፣ ውሃ ይኑረው፣ እናት የምትቀመጥበት ጥግ ይኑረው። በክራንችና በዊልቸር ለሚሄድ ልጅ ደረጃ ሳይሆን ዘንበል ያለ መግቢያ ይሠራ። ሣር ላይ ልጅ በረገጠ ቁጥር ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛም አይቀጠር። ሣሩ ለፎቶ ከሆነ ከወዲሁ ይነገረን።

ደግሞ ንድፉ ተስሎ ሳያልቅ ልጆቹ ይጠየቁ። ከየትምህርት ቤቱ አሥር አሥር ልጅ ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቶት የሚፈልገውን ይሳል። ግማሾቹ ኳስ ሜዳ፣ ሌሎቹ አውሮፕላን እንደሚስሉ እገምታለሁ፤ አንዱ ደግሞ የጓደኛዬን ጎማ መሳሉ አይቀርም። ይሳል፤ ከጎኑ ጣራ የሳለ ልጅ መኖሩን ግን ፈልጉ። ወረቀት የሚያድሉት ሐምሌ ላይ ከሆነ አታጡትም።