የመነኩሴው ወይንና የቤተ ልሔሙ ዘቢብ

ከቡታጅራ ተነሥቶ በእንሴኖ በኩል ወደ ዝዋይ የሚወርድ መንገደኛ የወይን ተክል ካለበት አገር ይደርሳል። በዚያ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን ተክሎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አቅርቧል። የፈረንሳዮች ወይን ነገር ለእንሴኖ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለምና፣ ስለ ሻምፓኝ የሚነገረውን ታሪክ በዚህ ወር ልናነሣ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሻምፓኝ በየሰርጉ ቡሹ እየተፈናጠረ የሚከፈተው፣ አረፋ የሚያወጣው ወይን ነው። «ይህን የፈጠረው ዶም ፔሪኞን የተባለ መነኩሴ ነው» ይባላል። መነኩሴው በእርግጥ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1668 ኦቪሌ ወደሚባለው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ማኅበር ገዳም ገብተው የጓዳው መጋቢ ሆኑ፤ በ1715 ዐረፉ። ነገር ግን አረፋውን አልፈጠሩትም፤ እንዲያውም ይሸሹት ነበር። አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ፣ መፍላት የጀመረው ወይን በብርዱ ወራት ይተኛል፤ ሙቀት ሲመለስ በጠርሙስ ውስጥ እንደ ገና ይፈላል፤ ጠርሙሱም ይፈነዳል። ይህ ለገዳሙ ጓዳ ኪሳራ እንጂ ጥበብ አልነበረም። ስኳር የተጨመረበት ወይን አረፋ እንደሚያወጣም፣ እርሳቸው ከመሾማቸው ስድስት ዓመት አስቀድሞ ክሪስቶፈር መሬት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ጽፎ ነበር። ገዳሙ በፈረንሳይ አብዮት ከተዘጋ በኋላ፣ የቀድሞ መነኩሴው ዶም ግሮሳር በ1821 የጻፉት ደብዳቤ ዝናቸውን አገነነ፤ የቀረውን የነጋዴ ማስታወቂያ ጨረሰው።

የመነኩሴው እውነተኛ ሥራ ከዚህ ተረት ይልቅ ያስመሰግናል፤ ይኸውም ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣውን የወይን ፍሬ እየመረጡ ማዋሐድ ነበር።

ይህ ምርጫ በእኛ ዘንድ ከቤተ ሰብ እጅ ይጀምራል። ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበው ወይን በጠርሙስ ተዘግቶ የሚመጣ አይደለም፤ ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘቢቡን አጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፎና ጨምቆ፣ ሳይፈላ ያዘጋጀዋል። ዘቢቡንም ከዕጣንና ከጧፍ ጋር መባ አድርጎ የሚያመጣው ምእመን ነው። በእንሴኖም ሆነ በቡታጅራ ለመባ ዘቢብ የምትገዛ እናት እንግዲህ የመጋቢውን ሥራ ትሠራለች ማለት ነው።

ስለዚህ እናቶቻችን ሆይ፣ ሻጩ በወረቀት ጠቅልሎ ከመስጠቱ በፊት ፍሬውን በመዳፋችሁ ዘርግታችሁ እዩት። የሻገተው በሽታው ይታወቃል። ከፋብሪካ የሚወጣ ዘቢብ ብዙ ጊዜ እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባል፤ ወርቃማ መልኩ እንዳይጠቁርም በዲን ጢስ የሚታጠን አለ። ጥቂቱን ለብ ባለ ውኃ ብትነክሩት ዘይቱ ላይ ላይ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለው ለልጆች ይሁን፤ ለቤተ ልሔም ግን የደብሩን ካህናት ጠይቃችሁ ሌላ ፈልጉ።