ኪስ ሲጠብ ከምን ላይ ይቀነስ?

ገቢ ሲያንስ ወይም የገበያ ዋጋ ሲጨምር ቤተሰብ ወጪውን መቀነሱ የግድ ነው። ይህን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌም ሆነ በሌሎቹ የደቡብ ቆላ ከተሞች የምትኖር እማወራ አንድ ኪሎ ስኳር ስንት ቀን እንደሚያደርስ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ለስንት ሥራ እንደሚበቃ ከማንም ሐኪም በላይ ታውቃለች። እንደ ጠቅላላ ሐኪም የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። የምንቀንሰው ከምን ላይ ነው? የትኛውን አስቀድመን፣ የትኛውንስ አስከትለን?

ይህን የምጠይቀው በምርመራ ክፍል ከማያቸው ሕመሞች ብዙዎቹ ከገንዘብ ማጣት ብቻ ሳይሆን ከቅነሳው ቅደም ተከተልም የሚመጡ በመሆናቸው ነው። እጅ ሲያጥር በብዙ ቤት ቀድመው የሚቀነሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የእናት ሳህን፣ የልጅ ወተትና ሕመሙ የማይሰማ በሽታ መድኃኒት። ሦስቱም ሲቀነሱ ድምፅ አያሰሙም። እናት "እኔ ጠግቤያለሁ" ትላለች፣ ልጅ በሻይና በዳቦ ይታለላል፣ የደም ግፊትም ዝም ብሎ ይወጣል። በእኔ እምነት ግን ከቤት ወጪ ሁሉ መጨረሻ ላይ መነካት ያለባቸው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ዛሬ ያተረፉልን የመሰለንን ገንዘብ ነገ በብዙ እጥፍ የሚያስከፍሉን እነሱ ናቸውና።

ገቢው ዝናብ ጠባቂ ነው

በእነዚህ አካባቢዎች የአብዛኛው ቤተሰብ ገቢ እንደ ደመወዝ በየወሩ የሚመጣ አይደለም። ከከብት ሽያጭ፣ ከወተት፣ ከጉልት ንግድ፣ ከቀን ሥራና ከባጃጅ የሚገኝ ነው። የከተማው ነጋዴም ቢሆን ከአርብቶ አደሩ ጋር ዕጣው የታሰረ ነው፤ ከብት ካልተሸጠ ሱቅም አይሸጥም። የከብቱ ዕጣ ደግሞ በሁለት ዝናቦች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚጠበቀው "ገና" እና ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚጠበቀው "ሐጋያ"። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው ቦረናና አካባቢው ምን እንደደረሰበት አገር ያውቃል። ብዙ አባወራ የዕድሜ ልክ ሀብቱን ቀብሮ ወደ ከተማ ገብቷል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቤተሰብ ከሁለት ወገን ይመታል። ከብቱ ከስቶ ዋጋው ሲወርድ፣ በዚያው ሳምንት የበቆሎ ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ የምመክረው ነገር ሁሉ "ገንዘብ ጨምሩ" የሚል ሊሆን አይችልም። ያለችውን ገንዘብ ከየት አንስተን የት እናድርጋት ነው ነገሩ።

የእናት ሳህን

በአገራችን ወግ እናት መጨረሻ ላይ ትበላለች። ምግቡ በቂ ሲሆን ይህ ወግ ጉዳት የለውም። ምግቡ ሲያንስ ግን "መጨረሻ" ማለት "ምንም" ማለት ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሴት ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መመገብ አለባት። ይህ ሳይሆን ሲቀር የደም ማነስ ይመጣል፤ ድካም፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ራስ ማዞር። እሷ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ትላለች። አደጋው በግልጽ የሚታየው በወሊድ ጊዜ ነው። ደም ያነሳት እናት ሌላዋ የምትቋቋመውን መጠን ያለው መድማት ላትቋቋም ትችላለች።

መፍትሔው የግድ ሥጋ አይደለም። በአካባቢው የሚመረተው ቦሎቄ ከበቆሎ ጋር ሲቀቀል ብረትና ገንቢ ምግብ የሚሰጥ ጥሩ ንፍሮ ነው። ቲማቲም ወይም ትንሽ ሎሚ ሲጨመርበት ሰውነት ብረቱን የበለጠ ይወስዳል። ሻይ ግን በተቃራኒው ብረቱ እንዳይወሰድ ያደርጋል። ስለዚህ ሻዩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሕክምና ነው። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረት ክኒንም በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ የሚታደል ነው። ከሁሉ በፊት ግን ምግብ ሲቀርብ የእናት ድርሻ ከሌላው ጋር አብሮ ይውጣ። ይህን ማየት ያለበት አባወራው ነው፤ እሷ ስለ ራሷ አትናገርምና።

የልጅ ኩባያ

ወተት ሽጦ እህል መግዛት ስህተት አይደለም። በወተቱ ዋጋ የሚገዛው በቆሎ ብዙ ጊዜ ለብዙ አፍ ይበቃል፤ እናቶች ሒሳቡን አስልተው ነው የሚሸጡት። ስህተቱ ወተቱ በሙሉ ገበያ ወጥቶ ልጁ በጥቁር ሻይና በዳቦ ሲቀር ነው። ሻይ የልጁን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድገውም። አጥንትና አእምሮ በፍጥነት የሚያድጉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለሆነ የዚያን ዘመን ጉድለት በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ የልጁ ኩባያ ይቀዳ፣ ከዚያ ወተቱ ገበያ ይውጣ።

ስድስት ወር እስኪሞላው ልጁ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አይጨመርለትም። ከዚያ በኋላ ከጡቱ ሳይለይ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀምር። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር ወዲህ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይመገብ። ገንፎው የበቆሎ ዱቄት ብቻ ከሆነ ልጁን አያሳድገውም። ትንሽ ወተት፣ የተፈጨ ቦሎቄ ወይም ሽሮ፣ ጠብታ ዘይት ይግባበት።

ወተቱም ይፈላ። ጥሬ ወተት በቆላው የከብት፣ የፍየልና የግመል አካባቢ ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ላብ ያጠምቃል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ብዙ ጊዜም ወባ ወይም ታይፎይድ እየተባለ ገንዘብ ይፈስበታል። ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሁለት ዓይነት መድኃኒት መውሰድን ይጠይቃል። ወተቱን ለማፍላት የሚነደው ከሰል ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ልጁ ከከሳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክንዱን በመለኪያ ትለካለች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ልኬቱ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። የሚሰጠው የታሸገ ምግብ ሰዎች "ፕላምፒ ናት" የሚሉት ነው። በቤት ያሉት ሌሎች ልጆችም ርቧቸው ያዩታል፤ ለመከፋፈል ወይም ሸጦ ዱቄት ለመግዛት የሚገፋፋው ችግር ይገባኛል። ነገር ግን ያ ፓኬት ለአንድ ልጅ የተለካ መድኃኒት ነው። ለሦስት ከተካፈለ ሁለቱን አያጠግብም፣ ታማሚውንም አያድነውም።

ተቅማጥ ሲመጣ ደግሞ አንዱ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ። ፓኬቱ ከጠፋ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልኩ ሳይዛነፍ፣ ይበጥበጥ። ከጋሪ የሚገዛ ውሃ ደፍርሶ ከሆነ ይጥለልና "ውሃ አጋር" ወይም "ቢሻን ጋሪ" በመሰሉት ማከሚያዎች፣ በላያቸው በተጻፈው መሠረት ይታከም። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከተቀላቀለበት ግን ቤት አይቆይም።

የማያሳምመው በሽታ መድኃኒት

የደም ግፊት ታካሚ ክኒኑ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ "ደኅና ነኝ፣ በዚህ ወር ለልጆቹ ደብተር ይሁን" ብሎ ይተወዋል። ሐሳቡ የአባት ሐሳብ ነው። ግን ግፊቱ ሳያስታውቅ ወጥቶ ስትሮክ ሲያስከትል ሒሳቡ ይገለበጣል። ሪፈር ወደ ሐዋሳ ወይም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ይጻፋል። የታካሚው መሳፈሪያ፣ የአስታማሚዎቹ አልጋና ምግብ፣ ሥራ የፈታው ቀን፣ በዚያ ላይ የተሸጠው ላም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሆነማ ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ገንዘብ ሲያጥር መድኃኒቱን ራሳችሁ አትቀንሱ፣ አንዱን ቀን ዘልላችሁ አትውሰዱ፣ ከጎረቤትም አትዋሱ። ለሐኪሙ "አቅሜ ይህን ያህል ነው" በሉት። በዚህ የሚያፍር ታካሚ ብዙ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ርካሽ መድኃኒት ብዙ ጊዜ አለ፤ ሳይነገረው ግን ሐኪሙ አያውቅም።

ታዲያ ከምን ይቀነስ?

በመጀመሪያ ከሕክምናው ራሱ እንጀምር። ለጉንፋንና ለድካም "ግሉኮስ ይሰቀልልኝ"፣ "መርፌ ይሻለኛል" ማለት ተለምዷል። መጠጣት ለሚችል ሰው ያ ከረጢት በአመዛኙ ውሃና ስኳር ነው። ያለ ማዘዣ የሚገዛ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም እንዲሁ ለጉንፋን አይጠቅምም፤ ተጀምሮ ሲተው ደግሞ ነገ ሲያስፈልግ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ቀጥሎ ታማሚ ስንጠይቅ ይዘን የምንሄደው ለስላሳ መጠጥ አለ። በእሱ ፈንታ ጥቂት እንቁላል ወይም ፓፓያ ቢሆን ወጉም አይጓደል፣ ታማሚውም ይጠቀማል። ሻይ ውስጥ የሚገባው ስኳርም በግማሽ ቢቀንስ ጤናና ገንዘብ አብረው ያተርፋሉ።

ጫትንም ሳላነሳ አላልፍም። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ነገሩ ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የልጅ ኩባያ ተቀንሶ የጫት ወጪ ያልተነካበት ቤት ግን ሒሳቡን እንደገና ማየት አለበት።

ከብት የተሸጠ ዕለት

በቦረና ባህል የወተቱ አዛዥ ሴቷ ናት፤ የከብት ሽያጭ ግን በአብዛኛው የባል ውሳኔ ነው። ስለዚህ ትንሿ የዕለት ገንዘብ በእሷ እጅ፣ ትልቁ ገንዘብ በእሱ እጅ ይገባል። የዓመት ወጪን በዕለት ገንዘብ መክፈል አይቻልም። ምክሬ ይህ ነው፤ ፍየል ወይም በሬ የተሸጠ ዕለት፣ ገንዘቡ ከመበተኑ በፊት፣ ባልና ሚስት ተቀምጠው የዓመቱን የጤና መድኅን መዋጮና የክትትል መድኃኒቱን ወጪ ያንሱ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች የሰፋ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችሉ የመጨረሻ ድሆች መንግሥት ይሸፍናል። "ሳልታመም ዓመቱ አለቀ፤ ገንዘቤ ባከነ" የሚሉ አሉ። ለእነሱ የምመልሰው ከዚሁ አገር በወጣ ሥርዓት ነው። በቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ላለቀበት ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ጊደሯን የሰጠ ሰው "እኔ ስላልደኸየሁ ጊደሬ ባከነች" አይልም። መድኅኑም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሸክሙን ሁሉ በቤተሰብ ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም። መድኅን የከፈለ ሰው መድኃኒት "የለም" ተብሎ ከግል ፋርማሲ ሲገዛ ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ባያድስ አይፈረድበትም። ግፊቱ የተስተካከለ ታካሚን ከሩቅ ቀበሌ በየወሩ ከማመላለስ የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት ይቻላል። የእድሳቱም ጊዜ የከብት ገበያው ከሚደራበት፣ ዝናቡ ከጣለበት ወቅት ጋር ቢገናኝ ብዙ ቤተሰብ ይከፍላል። እነዚህ ሦስቱ ከጤና ተቋማትና ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቁ ናቸው።

ከቤት የሚጠበቀውን ደግሞ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። በልጆቹ ደብተር ጀርባ የወሩን ወጪ ጻፉ። የእናትን ምግብ፣ የልጅን ወተትና የክትትል መድኃኒትን ከላይ አስቀምጡና መስመር አስምሩባቸው። መቀነስ ሲመጣ ከመስመሩ በታች ካለው ጀምሩ። ከመስመሩ በታች ምንም ሳይቀር ሲቀር ደግሞ አትደብቁ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለቀበሌው፣ ለዘመድ ንገሩ። ችግርን ቀድሞ መናገር በራሱ ግማሽ ሕክምና ነው።

ጤና ይብዛላችሁ።