ከማሳደዱ ይልቅ መመዝገቡ

በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 2003 አመሻሽ ላይ፣ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ቲም ሳማራስ የሚባል ሰው ማንቸስተር ከተባለች መንደር አጠገብ መኪናውን አቁሞ አንድ መሣሪያ መንገድ ዳር አስቀመጠና በፍጥነት ሸሸ። መሣሪያው እንደ ኤሊ መሬት ላይ ድፍት ያለ፣ በውስጡ የአየር ግፊት መለኪያ የያዘ ነበር። ማንቸስተርን ያወደመው ቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚነፍሰው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ በቀጥታ በላዩ ላይ አለፈ፤ መሣሪያው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። መረጃው ሲታይ የአየር ግፊቱ በድንገት 100 ሚሊባር ያህል አሽቆልቁሏል። እስከዚያ ቀን ድረስ በቶርኔዶ ውስጥ ያን ያህል የግፊት መውረድ የለካ አልነበረም።

ሳማራስ የኮሌጅ ዲግሪ አልነበረውም። መሣሪያ መሥራትን በሥራ ላይ የተማረ፣ ሰማይን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። ብዙዎች የሚያደንቁት ለድፍረቱ ነው። እኔ የማከብረው ግን ስለመዘገበው ቁጥር ነው። ወደ ቶርኔዶ የተጠጋ ሰው ሞልቷል፤ ለሳይንስ የሚረባ ነገር ይዞ የተመለሰው ጥቂት ነው።

ወጀብን በፍላጎት ማሳደድ አዲስ ነገር አይደለም። ዴቪድ ሆድሊ በ1956 በሰሜን ዳኮታ የጀመረው ማንም ሳይከፍለው ነው። በ1977 «ስቶርም ትራክ» የተባለ መጽሔት መሥርቶ አሳዳጆች ያዩትን እንዲጽፉና እንዲማማሩ መድረክ ከፈተላቸው። ገና ከጅምሩ ቁም ነገሩ ማየት ብቻ ሳይሆን ያዩትን ጽፎ ማስቀመጥ ነበር።

ራዳር ባለበት ዘመን የሰው ዓይን ለምን ያስፈልጋል? የራዳር ጨረር ከጣቢያው እየራቀ በሄደ ቁጥር ከመሬት እየራቀ ይመጣል። መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ከዚያ በታች፣ ቤትና ሰው ባለበት፣ ምን እየሆነ እንዳለ የሚያውቀው እዚያው ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ስካይዋርን በተባለው ፕሮግራሙ ከ350 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኛ ታዛቢዎችን ያሠለጠነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን ግን የኤል ሪኖ ታሪክ ነው። ሜይ 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አቅራቢያ የተነሣው ቶርኔዶ ወርዱ 4.2 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፤ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ነው። አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ድንገት ቀየረና ሳማራስን፣ ልጁን ፖልንና የሥራ ባልደረባቸውን ካርል ያንግን ገደላቸው።

በዚያ ቀን በአካባቢው የነበሩ አሳዳጆች ብዙ ቪዲዮ ቀርጸው ነበር። አንቶን ሳይመን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቪዲዮዎቹን ከየባለቤቶቹ ሰበሰቡ። የየካሜራው ሰዓት ስለማይገጥም አንድ ብልሃት ዘየዱ፦ አንድ መብረቅ ሲበርቅ ሁሉም ካሜራ በአንድ ቅጽበት ያየዋል። ብልጭታውን ከብልጭታ እያዛመዱ ቪዲዮዎቹን በአንድ ሰዓት አስተካከሏቸው። ሳይመን በኋላም ከራዳር ተመራማሪዋ ጃና ሃውዘር ጋር ምስሉን ከራዳር መረጃ ጋር አስተያየ። በ2018 ይፋ ያደረጉት ውጤት፣ ራዳሩ ከመሬት ከፍ ባለው ቦታ ብርቱውን ሽክርክሪት ከማየቱ በፊት ቶርኔዶው መሬት ላይ እንደነበር አሳየ። ቶርኔዶ ከደመና ወደ መሬት ይወርዳል የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ የሚፈትን ግኝት ነው። ያለ አማተሮቹ ካሜራ ይህ ባልታወቀ ነበር።

ዛሬ በኦክላሆማና በካንሳስ ወጀብ በተነሣ ቁጥር መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል። ለተመልካች ብዛት ሲሉ ብቻ የሚጠጉት ለራሳቸውም፣ ለሚሸሸው ነዋሪም፣ ለአምቡላንሱም አደጋ ናቸው። ሰዓቱና ቦታው ያልታወቀ ቪዲዮ የቱንም ያህል ቢያስፈራ ለምርምር ብዙም አይጠቅምም። ከሩቅ ሆኖ፣ መሸሻውን አስቀድሞ አይቶ፣ ያየውን በሰዓቱና በቦታው የመዘገበ ሰው ይበልጣል። ተመራማሪዎችም የእነዚህን ሰዎች ስም በጥናታቸው ላይ ማስፈር አለባቸው፤ ውለታ ሳይሆን የሚገባቸው ነው።

ለማገዝ ደግሞ የግድ ማሳደድ አያስፈልግም። በ1997 ፎርት ኮሊንስ፣ ኮሎራዶ ድንገተኛ ጎርፍ አምስት ሰው ገደለ። በከተማዋ በአንዱ ጫፍ ዶፍ ሲወርድ በሌላው የዘነበው ጥቂት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮኮራዝ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች መረብ የተመሠረተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አባላቱ በጓሯቸው በተተከለ ተራ የፕላስቲክ መለኪያ ዝናቡን ለክተው በየጠዋቱ ይልካሉ። በዴንቨርና በዳላስ የምትኖሩ ወገኖቻችን የምትኖሩት ወጀብና በረዶ በሚበዛበት አገር ነው። የስካይዋርን ሥልጠና በነጻ ይሰጣል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ።

በአገራችንም በየገጠር ከተማው የዝናብ መለኪያ እያነበቡ ለሜትሮሎጂ የሚልኩ የትርፍ ሰዓት ታዛቢዎች አሉ። ስማቸውን የሚያነሣ የለም፤ ስለ ክረምታችን የምናውቀው ብዙ ነገር ግን በእነሱ መዝገብ ላይ የቆመ ነው። የሚገባቸውን ክፍያና ሥልጠና መስጠት፣ በጥናት ላይም ስማቸውን መጥራት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።