የባለቤቱ ማዕድ

በሀዋሳ ከተማ በማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው፣ ዓሣ አጥማጆች በመረብ የያዙትን ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎችም የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ለመሻማት በዙሪያቸው ተሰልፈው ሲጠብቁ ያያል፤ ጥቂት ቆይቶም ከዚያው ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ የተጠበሰውን ቆሮሶ በዳጣ ይበላል፤ ደፋር የሆነ እንደሆነም ጥሬውን በአዋዜ ይሞክራል። በእኔ አስተያየት ከጥሬው የተጠበሰው፣ ከሁለቱም ደግሞ ትኩሱ የዓሣ ሾርባ ይበልጣል፤ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ግን ለየሰው ነፍስ አባት መተው ይሻላል።

ዓሣው ለእንግዳ የሚቀርብ የከተማይቱ ክብር መሆኑን ሁሉም ይመሰክራል፤ የባለቤቱ ማዕድ ግን እስከ ዛሬ ከጓዳ በሚገባ አልወጣም። የሲዳማ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ሲሳይ እንሰት ነው። እናቶች ፍቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ በጉድጓድ አብላልተው በብዙ ድካም ዋሳ ያደርጉታል፤ ዋሳውም በቅቤና በወተት ተዘጋጅቶ ቡርሳሜ በሆነ ጊዜ፣ ሻፌታ በሚባለው የገበታ ዕቃ ቀርቦ ቤተሰብና ጎረቤት በአንድነት ከብበው ይመገቡታል። ይህ የኅብረት ማዕድ የፍቼ ጨምበላላ በዓል አንዱ ሥርዓት ሲሆን፣ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። ዓለም በመዝገቡ ያሰፈረው በዓል ማዕድ፣ የሐይቁን ዳርቻ በሞሉት በብዙዎቹ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ ከፒዛና ከበርገር በታች መዋሉ፣ ወይም ከነጭራሹ መዘንጋቱ፣ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚለውን የአበው ብሂል ያስታውሳል።

ዋሳ ለማያውቀው እንግዳ ሽታውም ጣዕሙም ይከብደዋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጉራጌዎች በአዲስ አበባ ክትፎ ቤት ከፍተው ያንኑ የእንሰት ሲሳይ፣ ቆጮን፣ ከክትፎ ጋራ ባቀረቡ ጊዜ፣ እንሰት በማይበቅልበት አገር የተወለደው ሁሉ ሳይቸገር ለምዶታል፤ ይህም የሆነው ባለቤቶቹ ምግባቸውን ሳያፍሩበት፣ በስሙና በወጉ ስላቀረቡት ነው።

በእጅ ያለውን የመናቅ ልማድ በኳስ ሜዳም ይታያል። ሀዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣ ክለብ ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ ማሳያ ቤቶችን የሚያጨናንቀው ወጣት ግን የአርሰናልን ተቀያሪዎች በስማቸው ሲቈጥር ይውልና፣ የከነማን ወይም የሲዳማ ቡናን ተከላካይ ስም ሲጠይቁት ያመነታል። የሩቁን ጨዋታ መውደድ ነውር የለበትም፤ የቅርቡን አለማወቅ ግን ለባላገር አይገባም።

ቡናችንም ከዚህ ልማድ አላመለጠም፤ ከነማ ሁለተኛውን ዋንጫ በወሰደበት በዚያው በ1999 ዓ.ም.፣ መንግሥት ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌና ሐረር ስለሚባሉት የቡና ስሞች ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋራ ተከራክሮ ስምምነት ላይ ደርሷል። የባሕር ማዶ ነጋዴ በስሙ ለይቶ የሚሸጠውን ቡና፣ እኛ በገዛ ከተማችን ከቤንሳ ይምጣ ከአለታ ወንዶ ሳንጠይቅ፣ በማኪያቶ ወተት ሸፍነን እንጠጣዋለን።

ስለዚህ ሆቴለኞቻችን ቡርሳሜን በስሙ በዝርዝራቸው መጀመሪያ ቢጽፉት፣ ለጌጥ ያህል በትንሽ ሳሕን ሳይሆን ለብዙ ሰው በሚበቃ ሻፌታ፣ የከተማው ነዋሪም በሚችለው ዋጋ ቢያቀርቡት፣ ቡናውንም የበቀለበትን ወረዳ ጠቅሰው ቢቀዱት፣ የከነማ ግጥሚያ በሚኖርበት ቀን ደግሞ የዋሳ ሻጮች በስታዲዮሙ በር ቦታ ቢሰጣቸው፣ ከትርፉ አስቀድሞ ምስጋናውን ያገኙታል። ለእንግዳ የተለየ ማዕድ መዘርጋት አክብሮት ነው፤ ነገር ግን እንግዳው ከቤተ ዘመድ መቈጠሩን የሚያውቀው፣ ባለቤቱ የሚበላውን አብሮ በበላ ጊዜ ነው።