ከሰሉን የሚበላው ማን ነው? ለኩየራና ለአካባቢዋ ወገኖች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለኤሌክትሪክ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታው በውጭ አገር ያለውን ኢትዮጵያዊ ቤት ሁሉ አንኳኩቷል። ይሁን እንጂ በኩየራ በኩል ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ዛሬም ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ ተደርድሮ መታየቱ፣ ከዚያም በላይ ለስምጥ ሸለቆው ግራር መመናመን ጣት የሚቀሰረው በከሰል አክሳዩ ላይ ብቻ መሆኑ የዚህን ደብዳቤ ጸሐፊ ክፉኛ አሳዝኖታል።

በሰው አገር ተቀምጦ ስለ አገር ቤት ምድጃ መናገር ትዕቢት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ጸሐፊው አይስተውም። የአንድ ሰው ሰውነት በሕይወት ለመቆየት በአማካይ 100 ዋት ያህል ኃይል ሲበቃው፣ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ግን መኪናው፣ የቤት ማሞቂያውና ፋብሪካው ተደምሮ በነፍስ ወከፍ 9,000 ዋት ገደማ ይፈጃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለቡና ከሰል በምታቀጣጥል የኩየራ እናት ላይ ሊፈርድ አይችልም፤ ደብዳቤውም እርሷን ለመውቀስ አልተጻፈም።

ሕያዋን እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ትስስር የሚያጠናው ሥነ ምህዳር፣ ኃይል ከፀሐይ ወደ ዕፅዋት፣ ከዕፅዋት ወደ እንስሳት ሲሸጋገር በየደረጃው አብዛኛው ወደ ሙቀት ተለውጦ እንደሚባክን ያስተምራል። ይህን የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሬይመንድ ሊንድማን እ.ኤ.አ. በ1942 በታተመ ጥናቱ ያብራራው ሲሆን፣ ሌላው ተመራማሪ ሃዋርድ ኦደም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የኃይል ፍሰትን ስሌት በሰው ልጅ ማኅበረሰብ ላይ አውሎታል። በዚህ ስሌት ከተማ የሚፈጀውን ራሱ የማያመርት፣ በኃይል ቅብብሎሹ ሰንሰለት ጫፍ የተቀመጠ በሊታ ሲሆን፣ አክሳዩ ግን አቀባይ ብቻ ነው።

አክሳዩ ግራሩን ቆራርጦ ይከምራል፣ በሣርና በአፈር ይለብጠዋል፣ ከለኮሰውም በኋላ አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ገብቶ ክምሩ አመድ እንዳይሆንበት ሌሊቱን ሙሉ ስንጥቁን ሲደፍን ያድራል። በዚህ ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ስለሚያስፈልግ፣ ግራሩ በብዙ ዓመታት ካጠራቀመው የፀሐይ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ሸለቆው ውስጥ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ለከተማው የሚደርሰው ቀላል፣ ለመጫን የሚመችና ጭሱ ያነሰ ማገዶ ነው። ጭሱ ለአክሳዩ፣ ወቀሳውም ለአክሳዩ! ይህ ፍርድ ከቶ እንዴት ትክክል ሊሆን ይችላል?

በሊታ ከሚኖርበት ርቆ እንደሚመገብ የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያሳያሉ። ፔሊካን የተባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ጫጩቶቹን በሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፍል ነበር፤ ሻላ ግን ለእርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው በየዕለቱ ወደ አቢጃታ እየበረረ ይመገብ ነበር። የአቢጃታ ውሃ ሸሽቶ ጨዋማነቱ ሲበረታና ዓሣው ሲጠፋ፣ ወፉ ምግብ ፍለጋ ርቆ ለመሄድ ተገደደ። የከሰል መኪናም እንዲሁ ነው፤ ቅርቡ ዱር ሲያልቅ መንገዱ ይረዝማል።

አዲስ አበባም ይህን ቀምሳዋለች። በአፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ ያለው ማገዶ እየተመናመነ ሲሄድ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት በቅሎ ባይደርስላት ኖሮ ከተማዋ እንደ ቀደሙት መናገሻዎች ተትታ በቀረች ነበር። ሥነ ምህዳር የመሸከም አቅም የሚለው፣ ማለትም አንድ አካባቢ ሳይጎዳ ሊመግበው የሚችለው ብዛት፣ ያን ጊዜ በዓይን ይታይ ነበር። ዛሬ ከተማዋ ባለችበት ትቀመጣለች፣ የሚነሣው የከሰሉ መኪና ነው፤ ስለዚህ በሊታው ያራቆተውን መሬት አያየውም። ግራሩ በሚከስልበት በዚያው ሸለቆ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው አሉቶ፣ የምድር እንፋሎት እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሌክትሪክ ለማመንጨት መዋል መጀመሩን ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ ቁጭቱ ይብሳል።

ጸሐፊው ተሳስቶ ከሆነ የኩየራ ሰው ያርመው። በኩየራ ገበያ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ይሸጣል? ከዚያስ ውስጥ አክሳዩ እጅ የሚገባው ስንት ነው? መብራት ያለው ቤትስ ምጣዱን በኤሌክትሪክ ከጣደ በኋላ ለወጡና ለቡናው ወደ ከሰል የሚመለሰው መብራቱ እየጠፋበት ነው፣ ዋጋው ከብዶት ነው ወይስ ምድጃውን መግዛት ተስኖት? ቁጣም ቢሆን፣ ዝም ከተባለ ደብዳቤ ይሻላልና፣ መልሱ በጉጉት ይጠበቃል።